ሳር ያልተከልንበት ደጅ

አሶሳ ላደግን ልጆች የበጋ መግባት መጀመሪያ የሚታወቀን በአፍንጫችን ነበር። ዝናቡ ጥቅምት ላይ ይወጣና ትንሽ ቆይቶ በከተማው ዙሪያ ያለው ረጅም ሳር ይቃጠላል። ጭሱ ከሰዓት በኋላ በነፋስ እየመጣ ልብሳችን ላይ፣ ደብተራችን ላይ፣ ጸጉራችን ውስጥ ይቀራል። የተቃጠለው ሳር እንደ ጥቁር ላባ ከላይ ሲወርድ እየሮጥን በመዳፋችን እንቀልበዋለን፤ ሳይፈርስበት የያዘ አሸናፊ ነው። ከዚያ ቀዩ አፈር መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ የቦኖው ውሃ ይቀጥናል፣ ጨዋታውም ያልቃል። የጀሪካን ወራት ገባ ማለት ነው።

ቦኖው ከቤታችን ቁልቁል ነበር። ስንወርድ ባዶውን ጀሪካን እንደ ከበሮ እየደበደብን ነው፤ ስንመለስ ግን በገመድ ጀርባችን ላይ ታስሮ፣ አንገታችንን ቀብረን፣ የፊት ለፊታችንን ልጅ ተረከዝ ብቻ እያየን ዳገቱን እንወጣለን። ወንድሜ ትንሽ ነበር፤ ትልቅ ቢሆንም ኖሮ ውሃው የእኔ ሥራ መሆኑ አይቀርም ነበር። በጋ ላይ የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚያልፈው እኛን ሴቶቹን ነበር። መምህራችን ስም ሲጠራ ከነጭራሹ የእኛን እየዘለለ ይሄድ ጀመር፤ ለምዶት ነበር፣ እኛም ለምደነው ነበር። ያልለመደችው እናቴ ብቻ ናት።

እናቴ አስቴር ልብስ ሰፊ ነበረች። ከወለጋ አባቴን ተከትላ መጥታ፣ አባቴ የጭነት መኪና እየነዳ መንገድ ለመንገድ ሲውል፣ እሷ በረንዳችን ላይ በስፌት መኪናዋ ቤቱን ታቆመው ነበር። ቤታችን ወደ ባምባሲ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ በጓሮ ገብቶ በደጅ ይወጣል፤ ሲወጣም አፈራችንን ይዞ ነው። በጋ ሲገባ ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ ያለፈበት ግቢ አንዲት የጎመን ዘር የማታበቅል ደረቅ መሬት ይሆናል። እናቴን የሚያናድዳት ይህ ነበር። በክረምት የሚያባርረን ውሃ በበጋ የት ሄደ ትላለች።

አንድ ክረምት፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ ዶፍ ሲወርድ ነጠላዋን ደርባ ወጣችና ግቢው መሀል ቆመች። በእጇ የቀርከሃ እንጨቶች ይዛለች። ጎርፉ የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ አንዳንድ እየተከለች፣ እየተንሸራተተች፣ እንደገና እየተነሳች ከላይ እስከ ታች ወረደች። ጎረቤታችን ኻልቲ ዘይነብ በአጥሩ በኩል አየቻት። ዘይነብ የበርታ ሴት ናት፤ ኻልቲ የምንላት አክስቴ ማለታችን ነው። አማርኛን ከገበያ ስለተማረችው ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነበር የምትለው። ምን እየሠራህ ነው ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ውሃው ወዴት እንደሚቸኩል እያየሁ ነው አለቻት። ዘይነብ ጫማዋን አውልቃ በአጥሩ ቀዳዳ ገባችና እንጨት ትይዝላት ጀመር።

መሬቱ ጠፈፍ ሲል ቁፋሮው ተጀመረ። እናቴ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደምታሰምረው አድርጋ፣ ተዳፋቱን አግድም የሚቆርጡ ጎባጣ ቦዮች በአመድ አሰመረች። ከቦዮቹ በታች አፈሩን ከፍ አድርገን በድንጋይ ደገፍነው። ዘይነብ አንገታቸው የተሰበረ እንስራዎች ሰጠችን፤ እስከ አፋቸው ድረስ ቀብረን፣ ውሃ ሞልተን፣ በክዳን ሸፈንናቸው። ውሃው በሸክላው እያላበ ቀስ ብሎ ለሥሩ ይደርሳል። ሙዙ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ አጠገብ ተተከለ፣ የሳሙናው ውሃ እንዲበቃው። ጎመንና ቲማቲሙ ቤቱ ጥላ በሚጥልበት በኩል፣ ባሚያው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ማንጎው፣ ፓፓያውና ሽፈራው ደግሞ ከሁሉም ታች፣ እንደ ጎበዝ ልጅ ራሳቸውን እንዲችሉ ተተው። በመጨረሻ ባዶ የቀረውን አፈር ሁሉ በደረቅ ሳርና በቀርከሃ ቅጠል አለበስነው። እጃችሁን አስገቡ ትለን ነበር እናቴ፣ ጥር ላይ፤ ከሳሩ ሥር ስንነካው አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሽታው አሁን ድረስ አለኝ። እንደ አዲስ ዝናብ ነበር የሚሸተው፣ ዝናብ በሌለበት ወር።

እውነቱን ለመናገር ግን ግቢያችን አያምርም ነበር። ሰው የሚያውቀው አትክልት በመስመር የተተከለና ከሥሩ የተጠረገ ነው። የእኛ ገለባ የለበሰ፣ ጉብታና ጉድጓድ የበዛበት፣ የእንስራ አፍ ከመሬት ብቅ ብቅ ያለበት ነበር። የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ያይና እነዚህ ሰዎች ገብስ ወቅተው ነው እንዴ ይላል። እኔም ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ የአባቴ መኪና ያራገፈው ነው እላቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በበጋው ለአንድ በዓል ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የሰፈራችን ሰዎች የማስዋብ ኮሚቴ አቋቋሙና ጋሽ ታምሩን ሰብሳቢ አደረጉ። ጋሽ ታምሩ ከእኛ ከፍ ብሎ ይኖር የነበረ ጡረተኛ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ የሚደርስ እሱ ነው። ግን በወጣትነቱ አንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ያየው አረንጓዴ መስክ ከልቡ አልወጣለትም። ሲያወራልን ዓይኑ ያበራ ነበር። እናም ኮሚቴው በመንገዱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ደጁ ላይ ሳር እንዲተክል፣ ድንጋይ በኖራ እንዲቀባ፣ ገለባና ስባሪ የሚታይበት ግቢ ደግሞ እንዲጸዳ ወሰነ። የእኛ ስም አልተጠራም። መጠራትም አላስፈለገውም።

ሰፈሩ ሳሩን ተከለ። ሳር ደግሞ በጥር ፀሐይ ጠዋት ማታ ውሃ ይፈልጋል። ቀድሞ ለመጠጥና ለማብሰያ ይበቃን የነበረው የቦኖ ተራ አሁን ለደጅም ሆነ። የዘይነብ ልጅ ራህማ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ቤታቸውን በሁለት በኩል መንገድ ስለሚያዋስነው ውሃ የሚጠጣው ሳራቸው ብዙ ነው። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ከነጀሪካኗ ወደቀች። ጉልበቷ ተልጦ ደም በእግሯ ሲወርድ እሷ የምታለቅሰው ለፈሰሰው ውሃ ነበር። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና አየች። ስፌቷን አቁማ ወረደችና የራህማን ጉልበት አጥባ በጨርቅ አሰረች። ክርና መርፌ በአፏ ስትይዝ እንደምትሆነው ከንፈሯን ገጥማ ነበር።

አባቴ በዚያ ሳምንት ከመንገድ ሲገባ ወሬው ደርሶት ነበር። ከሰው ጋር አንጣላ፣ እኛ መጤዎች ነን፣ ደጁን ብቻ ሳር እናልብሰውና ይለፍልን አላት። ለሰላሙ የሚፈራ ሰው ነው አባቴ። እናቴ ሳሩን ማን ያጠጣዋል ብላ ጠየቀችው። እኔን አየኝ፣ ከዚያ ምግቡን በላ። ነገሩን ዳግም አላነሳውም።

የዘመቻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጋሽ ታምሩ ዶማ የያዙ ጎልማሶችን አስከትሎ ወደ እኛ ደጅ መጣ፤ ቦዩን ሊደፍኑ፣ ገለባውን ሊጠርጉ፣ እንስራውን ሊያወጡ ነው። እናቴ የስፌት መኪናዋን ከበረንዳ አውርዳ፣ በር ላይ ካለው የመጀመሪያው ጉብታ ላይ አስቀምጣ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ አገኟት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነበር የምትሰፋው። ሰዎቹ ከፊቷ ቆሙ፣ እሷም ስፌቱን ቀጠለች። ጋሽ ታምሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ አስቴር፣ የሕዝብ ሥራ አያሰናክሉ።»

እናቴ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች።

«ጋሽ ታምሩ፣ ሳር የወደደ ይትከል፣ አልከለክልም። የሚያጠጣውን ውሃ ግን በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ያምጣ። የእኔ ልጅ ለሳር ውሃ አትሸከምም።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። እኔ ከኋላዋ የበሩን እንጨት ይዤ ቆሜያለሁ፤ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጥ ብሎ ቆመ። ዶማ ከያዙት አንዱ፣ ሴት ልጅ ያለው፣ መሬት መሬት አየ። ዘይነብ ምንጣፏን ይዛ መጣችና በሁለተኛው ጉብታ ላይ አንጥፋ ተቀመጠች። መቁጠሪያዋን አወጣች። ሰዎቹ ትንሽ ቆመው፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።

ጋሽ ታምሩ ግን ሽንፈት የሚውጥ ሰው አልነበረም። ደንቡን ያላከበረ ቤት በቦኖ ላይ ከሁሉም መጨረሻ ይቀዳል ተባለ። በጋ ላይ ከሁሉም ኋላ መቅዳት ማለት ምንም አለማግኘት ነው፤ ተራው ሳይደርስ ውሃው ይቆማል። ባዶ ጀሪካን ይዤ የተመለስኩባቸውን ቀናት አስታውሳለሁ። ልብስ የታጠበበትን ለሙዝ፣ ጎመን የታጠበበትን ለእንስራው፣ እግራችንን የታጠብንበትን ለባሚያው። ቲማቲሙን አልቻልነውም። እናቴ አንድ ጠዋት በቁሙ ነቅላ፣ ግንዱን ለሌሎቹ ሥር ልብስ አደረገችው። ያን ቀን ለብቻዋ ጓሮ ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ይብቃን፣ ሳሩን እንትከል እላለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ፊቷን አይቼ ነው። የፈለገችው ቲማቲም እንዳልሆነ ገባኝ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ቦኖው ጋ የሆነው ሆነ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ የእኛ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች እንደተለመደው ከጅራቱ ቆመዋል። ዘይነብ ከፊት ነበረች። የራሷን ቀድታ ስትጨርስ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ የእኛን አንዱን አንስታ ቧንቧው ሥር አስቀመጠች። ቦኖ ጠባቂው የአስቴር ቤት ተራው አልደረሰም አላት።

«ይሄ የእኔ ነው» አለች ዘይነብ።

ጠባቂው የጀሪካኑን ጆሮ አየ፤ እናቴ ያሰረችበት ቀይ ጨርቅ ይታያል። ሁሉም ሰው የማን እንደሆነ ያውቃል። ከእኛ ጀሪካኖች ፊት የቆመች አንዲት ሴት፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት፣ ሁለተኛውን ጀሪካናችንን በእግሯ ወደፊት ገፋ አደረገችና ያ ደግሞ የእኔ ነው አለች። ከእሷ ፊት ያለችው ዞር ብላ አየቻትና ተራዋን ለቀቀች። የቀጠለችውም ለቀቀች። ጀሪካኑ ከእግር ወደ እግር እየተገፋ ቧንቧው ሥር ደረሰ። ጠባቂው ቧንቧውን ከፈተ፣ ሌላ ምን ያድርግ። በዚያ በጋ የእኛ ጀሪካን ዳግም ባዶውን አልተመለሰም፣ በየቀኑ የሌላ ሰው እየሆነ።

እንግዶቹ መጡ። አቧራው ስለበዛ የመኪናቸውን መስኮት ዘግተው አለፉ። መጋቢት ላይ የሰፈሩ ሳር ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ አመድ መሰለ፣ ከዚያ ፍየሎች ጨረሱት። በእኛ ደጅ ባሚያው ያፈራ ነበር። ጋሽ ታምሩ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እናቴም አልጠበቀችም። ለፋሲካ ፓፓያ ላከችለት፤ ተቀብሎ በላ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሳሩን እንደገና ተከለ። ያን ዓመት ግን ራሱ ሲሸከም አየሁት፣ ዳገቱን በዝግታ፣ ጀሪካኑን ከትከሻ ትከሻ እየቀያየረ። አከበርኩት።

ዛሬ እኔም አሶሳ ውስጥ የራሴ ቤት አለኝ። ያ መንገድ ሰፍቷል፣ ቧንቧ በየግቢው ገብቷል፤ ሲመጣ ይመጣል። ወንድሜ ጉባ ግድቡ ላይ ይሠራል፤ ዓይን የማይጨርሰው ውሃ አጠገብ ውሎ እኔ ቤት ሲመጣ ግን ሳህን ያጠበበትን ውሃ የት እንደሚደፋ ጠይቆኝ ነው የሚደፋው። የእኔ ልጅ ውሃ ተሸክማ አታውቅም። ስነግራት እንደ ተረት ትሰማኛለች፣ ይህም ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ይከፋኛል። እናቴ አብራኝ ናት። አርጅታለች፤ የእኔ ቦይ ጠማማ ነው እያለች ታናድደኛለች።

ያኔ ሰው በጋውን ሳር ያጠጣ ነበር፤ አሁን ደግሞ ግቢውን በሲሚንቶና በታይል ደፍኖ፣ ክረምት የሰጠውን ውሃ በር ከፍቶ እያሰናበተ፣ ጥር ላይ በቦቴ ይገዛል። የእኔን ቤት የሠራው ግንበኛም ሲሚንቶ ልድፋበት ብሎ ብዙ ተሟግቶኛል። ጎረቤቶቼም በየስብሰባው ያነሱታል፤ የአንቺ ግቢ ብቻ ነው አፈር የቀረው፣ የሰፈሩን መልክ ያበላሻል ይሉኛል። እሰማለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አልደፍንም።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከላይ ካሉት ግቢዎች የወረደው ጎርፍ በመንገዱ መጥቶ የአጥሬን ግንብ ሥር መታው። ባለቤቴ አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት መዶሻ አንስቼ ከግንቡ ሥር ብሎኬት አውልቄ ነበር። ውሃው እየተገፋፋ ገባ፣ ማንጎዎቹን ዞረ፣ ቆመ። ከላይ የሚኖረው ጎረቤቴ ጃንጥላ ይዞ ወጣና ምን እያደረግሽ ነው፣ የእኛን ጎርፍ ግቢሽ ታስገቢያለሽ እንዴ አለኝ።

«እናንተ ካልፈለጋችሁት» አልኩት ጭቃ በጭቃ እንደሆንኩ፣ «እኔ እፈልገዋለሁ።»

ሁለተኛውንም ብሎኬት አወለቅኩት።