ጌታው ሥራ ያዘ

በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ቋጠሮ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ከየክፍሉ በአንሶላ ታስሮ የሚመጣውን የቆሸሸ ልብስ እየፈታች ለማሽን ማቅረብ ነው። የቀዶ ጥገና ክፍሎቹ ጥርስ እስኪያወልቅ ድረስ ያጠብቃሉ። የሕፃናት ክፍሎቹ እንደ ጫማ ክር ላላ አድርገው ይቋጥራሉ። የማዋለጃዎቹ ደግሞ፣ እግዜር ይይላቸው፣ አራቱንም ጫፍ ያመሰቃቅሉታል። እሷ ቋጠሮውን ብቻ አይታ ጥቅሉ ከየት እንደመጣ ትነግርሃለች።

ባል የለ፣ ልጅ የለ፤ ያላት አንዲት የኪራይ ክፍልና አንድ ውሻ ነው። ከማጠቢያው ጓሮ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ አንስታ አሳድጋዋለች። ቤቱ ውስጥ የሚያዘው እሱ ስለሆነ ስሙን «ጌታው» አለችው።

ችግሩ እሷ ሥራ ስትሄድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተቆልፎበት ይውላል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? ጌታው መስፋቱን አልቻለበትም እንጂ መቅደዱንስ ተክኖበታል። ትራሷን ዘነጠለ፣ የበሩን ጠርዝ ጋጠ፣ የአዲስ ጫማዋን ግራ እግር በላ። ይህም ሲሰለቸው ያላዝናል። በግቢው ፊት ለፊት የሚኖሩት አከራይዋ፣ ቀኑን ሙሉ ከቤት የማይወጡ ባልቴት ናቸውና፣ አንድ እሑድ ጠዋት በሯ ላይ ቆመው ፈረዱ።

«ሦስት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ። ከዚያ ወይ ውሻሽ ይወጣል፣ ወይ አንቺ ትወጫለሽ። በጩኸቱ ራሴ ሊፈርስ ነው።»

«ጩኸቱን አስቆመዋለሁ፣ እትዬ።»

«ውሻ ያው ውሻ ነው» ብለው ሄዱ።

ታላቅ እህቷ ወሬውን ስትሰማ ሰንሰለት ይዛ መጣች። «ለመጋዘን ጥበቃ ስጪው። እዚያ ታስሮ ይጩህ፤ የሚፈልጉትም ለጩኸቱ ነው።»

«የኔን ውሻ ማንም አያስረውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ሥራ አስይዘዋለሁ።»

እህቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቋጠሮ ግን የምሯን ነበር። አንድ ጊዜ ማሽኖቹ ተበላሽተው ሦስት ሳምንት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ደመወዝ ስትበላ፣ ከሰው ሁሉ ተጣልታ፣ የገዛ ሹራቧን እጅጌ ክር በክር ተርትራ ጨርሳዋለች። ውሻው ክፉ እንዳልሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሥራ ፈት ነው፤ በቃ።

ከኃላፊዋ አስፈቅዳ ያረጁ አንሶላዎች አመጣችና ቆራረጠቻቸው። ደረቅ ዳቦ እየጠቀለለች ቋጠረች። መጀመሪያ የሕፃናት ክፍልን ቋጠሮ ሰጠችው፤ ወዲያው ፈታው። በሳምንቱ የማዋለጃውን ደረሰበት። ከዚያ በኋላ በየማለዳው አሥር ጥቅል እያዘጋጀች አልጋ ሥር፣ ከጀሪካን ኋላ፣ ካርቶን ውስጥ ትደብቅለት ጀመር። ቦታውንም ቋጠሮውንም በየቀኑ ትለዋውጣለች፤ ጌታው ሞኝ አይደለማ። ጎህ ሲቀድ በጓሮ በር አውጥታ ታንሸራሽረውና ሥራዋ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ጨርቁ ወለሉን ሞልቶት፣ እሱ እንደ ቀን ሠራተኛ ተዘርሮ ታገኘዋለች።

እህቷ ይህንንም አላለፈችውም። «ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ለውሻ ዳቦ በጨርቅ ትቋጥሪያለሽ?»

«ያው ዳቦ ነው። በሳህን ስሰጠው ማን ተናገረኝ?»

ቀጠሮው ቅዳሜ ደረሰ። ቋጠሮ ቀትር ላይ ከሥራ ስትገባ አከራይዋ ከሁለት ተከራዮች ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው በርቷል።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ። ውሻውን ማስወጣትሽ ደግ አደረግሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮሽታ የለም። ይህ ግቢ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰላም አላየሁም።»

ተከራዮቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቋጠሮ ማንም አልጠየቃትምና አልዋሸችም። አሁንም ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ግን እንደ ሌባ ተደብቆ መኖሩ አስጠላት። «እትዬ፣ አንዴ ይምጡ» አለችና ሦስቱንም መርታ ሄዳ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ጌታው የመጨረሻዋን ጥቅል በፊት እግሮቹ ወጥሮ ይዟል። የቀዶ ጥገናው ቋጠሮ ነበር። ቀና ብሎ አያቸውና ጭራውን አንዴ ወዝውዞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ይኼ መቼ ተመለሰ?»

«መቼ ሄደና፣ እትዬ? የሚያመሰግኑትን ሰላም የሰጠዎት እሱ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አከራይዋ ተከራዮቹን አዩ፤ ተከራዮቹ መሬት መሬቱን አዩ። «ቢሆንም ቃሌን አላጥፍም፤ ይውጣ» አሉ በመጨረሻ።

ቋጠሮ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እንግዲያ ነገሩ ጩኸቱ አልነበረም። ውሻ እጠላለሁ ይበሉኝና ዛሬውኑ ዕቃዬን ልሸክፍ። ጩኸት ነው ካሉ ግን የታለ? እስቲ ያሰሙኝ።»

ሁሉም ሳያስቡት ጆሯቸውን አቀኑ። ከጨርቁ ፍትጊያ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ባልቴቷ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ዓይናቸው ቋጠሮው ላይ ቀረ። ጌታው ጫፉን በጥርሱ ሳብ፣ ለቀቅ፣ እንደገና ሳብ ሲያደርግ፣ እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ቆመው ጠበቁት። ተፈታ። ዳቦው ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«አንድ ቀን ሲጮህ ብሰማ» አሉ ጣታቸውን እያወዛወዙ።

«የሰሙ ቀን ማስጠንቀቂያም አያስፈልገኝ፤ ሁለታችንም አብረን እንወጣለን» አለች ቋጠሮ። «እስከዚያ ግን ሁለታችንም እዚሁ ነን።»