የሳሎኑ ውሃ

መስታወት ሰው የሚለየው በጫማው ነው። ሚስቱ በዚህ ስታሾፍበት ኖራለች፤ እሱም አንድ ቀን አልካደም። መንገድ ላይ ሰላም ያለውን ሰው መጀመሪያ እግሩን ያያል፤ ከዚያ ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጥቶ ፊቱ ጋ እስኪደርስ ሰውየው አልፎ ሄዷል። ሠርግ ተጠርቶ ሲመለስ «ሙሽራዋ እንዴት ነበረች?» ቢባል፣ «አዳራሹን ጥግ ጥጉን አልጨረሱትም» ይላል። ጤነኛ ሰው ነው። ጥርሱን የነቀለበት ሙያ እንዲህ አድርጎት ነው እንጂ።

ሙያው ሊሾ ነው። የኮንክሪት ወለል እየሞረደ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይወለውላል፤ ቅጽል ስሙንም ደንበኞቹ ያወጡለት ከዚያ ነው። ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ጋራዡ፣ የባለጸጋው ሳሎን፣ እሱ ያልተንበረከከበት የለም።

ወለሉ ሲጀመር ግራጫና ሻካራ፣ ለማየትም የሚያስጠላ ነገር ነው። መስታወት ትልቁን ማሽን ይዞ፣ ከሥሩ ሻካራውን ዲስክ አስሮ ይመላለስበታል። የላይኛው ቆዳ ሲነሳ የተቀበረው ጠጠር ብቅ ይላል፤ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ የወፍ እንቁላል የሚያህለው ነጩ። ከዚያ የሚያጠነክረውን ፈሳሽ ያጠጣዋል። ከዚያ ዲስኩን እያለሰለሰ፣ እየቀያየረ ይሄዳል። በመካከሉ፣ መቼ እንደሆነ እሱም በቅጡ አያውቀውም፣ ብርሃኑ ይመጣል። መጀመሪያ የመስኮቱ ቅርጽ ጉም መስሎ ይታያል፤ ቀጥሎ መጋረጃው፤ ቀጥሎ ውጭ ያለው ዛፍ ተዘቅዝቆ። ያን ጊዜ ማሽኑን አጥፍቶ ዝም ብሎ ይቆማል። የሚያየው ሰው ደክሞት ያረፈ ይመስለዋል። እሱ ግን ከወለሉ ሥር ያለውን ሌላ ቤት እያየ ነው። እዚያ ቤት ማንም አይጮህም፤ ሰዉ ሁሉ በባዶ እግሩ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ይህን ለሚስቱ ቢነግራት፣ «እሱኛው ቤት ውስጥስ ዕቃ የሚያጥበው ማነው?» ብላ ሳቀችበት።

እናቱ መጥታ አብራው እንድትኖር ስንት ዓመት ሲመኝ ኖሯል። እናቱን ይዛ የቆየችው ታላቅ እህቱ ናት፣ እታለም የሚላት። በለመናት ቁጥር «አንተ ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ፣ እሷን ማን ሊያይልህ?» እያለች ትመልሰው ነበር። በመጨረሻ እሺ አለች፤ ግን ከልቧ አልነበረም። «ካልተመቻት በማግሥቱ እወስዳታለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንዳታነሳብኝ» አለችው። እሱ የሰማው እሺታውን ብቻ ነው፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

እናቱ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ መርሳትም ጀምራለች። አንዳንድ ቀን ልጇን ታውቀዋለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ እንግዳ ነው ብላ አንቱ እያለች በአክብሮት ታናግረዋለች። እሱም ለሁለቱም አቤት ይላል።

ልጅ አይደል፣ የሚያውቀውን ስጦታ አዘጋጀ። የገዛ ቤቱን ሳሎን እንደገና ሞረደው፣ ወለወለው። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ወለል ሠርቶ አያውቅም። ደንበኛ ይዞ መጥቶ ቢያሳይ እጅ በአፍ የሚያስጭን ነበር፤ ወደፊትም ሊያሳይበት አስቧል። ሥራውን ሲጨርስ አቧራ እንዳይነካው በካርቶን ሸፈነው። እናቱ ስትመጣ መሽቶ ስለነበር፣ በካርቶኑ ላይ ደግፈው አሳልፈው ከሳሎኑ ባሻገር ያለው ክፍሏ ውስጥ አስተኟት። የክፍሉ በር የሚከፈተው ወደ ሳሎኑ ብቻ ነው።

በነጋታው ማልዶ ካርቶኑን አነሳ፣ መጋረጃውን ገለጠ። ፀሐይዋ ገብታ ወለሉ ላይ ተኛች። የግቢው ዛፍ፣ ወንበሮቹ፣ ጣሪያው፣ ሁሉም ወደ ታች ወረዱ።

«እማዬ፣ ነይ እስኪ ጉድ እይ!» አለ።

በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና በአንድ እጇ ያዘች፤ በሌላው እጇ የቀሚሷን ጫፍ ሰበሰበች። መስታወት ወለሉን አክብራለት መሰለውና ደረቱን ነፋ። እሷ የእግሯን ጣት አስነካች። ኮንክሪት በጠዋት ይቀዘቅዛል። ጣቷን ቶሎ መለሰችና ወደ አልጋዋ ሄዳ እግሯን ሰብስባ ተቀመጠች።

«ሞልቷል» አለች።

«ምኑ ነው የሞላው እማዬ?»

«ውሃው ነዋ! አይታይዎትም እንዴ?»

መስታወት ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው።

ያን ሳምንት ያልሞከረው የለም። ወለሉን በእግሩ ደበደበው፣ ዘለለበት፣ በመጨረሻም በጀርባው ተንጋለለበት። ቤት ውስጥ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ዋናም ትችል ነበር ለካ» አለችው። ምንጣፍ ቢያነጥፉ እናቱ ሥጋት ገባት። «ይሄ ጨርቅ ሰው አይችልም፣ ይሰምጣል» አለች። ሚስቱ ምግብ ይዛ በተሻገረች ቁጥር «ቀስ በይ አንቺ ልጅ፣ ጥልቅ ነው» ትላታለች። ምግቡን ሁለቴ ጎርሳ ትተወዋለች። ቀኑን ሙሉ ደፉ ላይ ባለች በርጩማ ተቀምጣ፣ ማዶ ማዶውን ታያለች።

ከሥራ ሲመለስ እሱም አጠገቧ መሬት ላይ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ በጎን ነው የምትገባው። ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ወለሉ ውስጥ ያለውም ይወዛወዛል፤ ወርቅማው ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። የወንበሮቹ እግሮች መጨረሻ የላቸውም። አንዲት ወፍ በመስኮቱ ስታልፍ ሌላዋ ከሥር አብራ አለፈች። አይቶ አይቶ አንድ ጊዜ ሳያስበው የገዛ እግሩን ሰበሰበ። እናቱ አየችውና ራሷን ነቀነቀች፤ በመጨረሻ ገባው ብላ ነው መሰል።

ዓርብ ማታ እታለም ደወለች።

«እህል ቀመሰች?»

«ትንሽ ትንሽ...»

«ከክፍሏስ ወጥታለች?»

መስታወት ወደ ክፍሏ በር ዘወር አለ።

«እኔ እኮ ብዬህ ነበር። በል እሁድ እመጣለሁ፣ ልብሷን ሰብስቡልኝ። አንተ ላይ ክፋት ኖሮኝ አይደለም፣ ወንድም ዓለም። እናቴ በረሃብ ስታልቅ አላይም።»

ስልኩን ዘጋ። ሚስቱ ክሯን በጥርሷ በጥሳ ጥቂት አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ማብረቁን ታውቅበታለህ» አለች። «ማጥፋቱንስ?»

ተቆጣ። ይህን የመሰለ ወለል ሰው ያበላሻል ወይ፣ የእኔ ድካም ለአንቺ ምንም አይደለም ወይ፣ ብዙ ብዙ አለ። እሷ መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። አኩርፎ ተኛ። ኩርፊያው ግን በእሷ ላይ እንዳልነበረ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ጎትቶ አስገባ። ሻካራውን ዲስክ አሰረ፤ አቧራ የሚስበውን ወፍራም ቱቦም ሰካ። ከመጀመሩ በፊት ግን ተንበርክኮ ተዘቅዝቆ የቆመውን ዛፍ አየው። እንዲህ ያለ ብርሃን ዳግመኛ እንደማይመጣለት ይሰማው ነበር፤ እውነትም ሳይሆን አይቀርም። አፉን በጭንብል ሸፈነ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ማሽኑን ቀሰቀሰ።

ጩኸቱ ያስደነግጣታል ብሎ ሠግቶ ነበር። ዘወር ብሎ ሲያይ እናቱ በርጩማዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ፈክታ አላያትም። ቱቦውን በጣቷ ታሳየዋለች።

«ይቅዱት!» ትላለች። «ይቅዱት ጌታዬ፣ ጎበዝ!»

ቀዳላት። መጀመሪያ ዛፉን ቀዳው። ከዚያ መጋረጃውን፣ ወንበሮቹን፣ ጣሪያውን። ያ ጸጥ ያለው የታችኛው ቤት ከነሰዎቹ እየደበዘዘ በቱቦው ውስጥ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ሲያጠፋ ሳሎኑ ውስጥ የቀረው ደረቅ፣ ግራጫ፣ ማንም ዘወር ብሎ የማያየው ወለል ነበር። መስታወት ከእግር እስከ ራሱ ዱቄት መስሎ ሄደና ደፉ ላይ፣ እናቱ አጠገብ ዘፍ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «አበሳዎን አዩ።»

«ምንም አይደል እማዬ። አሁን እንሻገር?»

በርጩማዋን ደግፋ ተነሳችና እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ፣ ወደ ውጭው በር ተጣራች።

«ልጄ! ና በቃ፣ ደርቋል! ና ተሻገር!»

ማንም አልመጣም። ዘወር ብላ አቧራ የጠገበውን ሰው አየችው፤ ሰው እንዳያማባት የፈራች መሰለች።

«ልጄ ማዶ ነው ያለው» አለች። «ይሄን ሁሉ ቀን ውሃው ይዞት ነው። እናቱን ሳያይ የሚቀር ልጅ እንዳይመስልዎ።»

መስታወት አሁን ገባው። ለካ እሷ ለራሷ ፈርታ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ደፍ ላይ ተቀምጣ የጠበቀችው እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አጠገቧ ነበር።

ተነሳ። ከኋላዋ ወደ ክፍሉ ገባና መስኮቱን ከፈተ። የሊሾ ሠሪ ጉልበት ድሮም ለመስኮት አይሆንም፤ እንደ ምንም ብሎ አንዱን እግሩን አሻገረ፣ ሁለተኛውን በእጁ አንስቶ አወጣው። ቤቱን ዞረ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቱን ታጠበ፣ ፀጉሩን አራገፈ፣ ጭንብሉን ከአንገቱ አወለቀ። ሚስቱ በወጥ ቤቱ መስኮት አየችው።

በውጭው በር ገባ።

«እማዬ!»

«መጣህልኝ! የኔ ጌታ!»

መሄድ ጀመረ። ስንት ወለል ሠርቶ ሲያልፍ፣ ሳሎን እንዲህ ሰፊ ሆኖበት አያውቅም። ገና መካከል ሳይደርስ እናቱ ጫማዋን እንኳ ሳታስብ ከደፉ ወረደች፤ በባዶ እግሯ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ደረቁ ወለል ላይ መጣችለት። ከሳሎኑ መሐል ተገናኙ። ጎንበስ ብላ የሱሪውን ጫፍ ዳበሰች። ደረቅ ነው። ከዚያ ፊቱን በመዳፏ ያዘች። ፊቱ ርሷል፤ በእጅጌዋ እያበሰች ትኩር ብላ አየችው።

«ምነው እንዲህ ዘገየህ፣ ልጄ?» አለችው።

«ውሃው ሞልቶብኝ ነው፣ እማዬ» አላት።