ምራቴ ሁለት ኪሎ ጨመረች!

ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ነርሷ «ሁለት ኪሎ ጨምረሻል፣ ጎበዝ!» ስትላት እልልታዬን አቀለጥኩት። ወረፋ የያዙት ሁሉ የወለደች መስሏቸው ዞሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ ሚስት ሰላም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ወር ስትመዘን ግን ምንም አልጨመረችም። ነርሷ «ምግብ እምቢ አለሽ እንዴ?» ብትላት ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ጥፋተኛዋማ አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነኛ! «ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል» እያልኩ ከትሪው ያስነሳኋት እኔ ነኝ። እኔንም እናቴ እንደዚሁ ነበር ያለችኝ።

እዚያው ለነርሷ አንድ ባንድ ተናገርኩ። «እናት፣ ለማማጥም እኮ አቅም ያስፈልጋል» አለችኝ። «ልጁም በደንብ ማደግ አለበት። የሁለት ሰው ትብላ አላልኩም፤ ከምሳና ከእራት መሃል መክሰስ ይጨመርላት።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ወይ እንቁላል፣ ወይ አቮካዶ፣ ወይ ቂንጬ ይዤ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እወጣላታለሁ። (እሷ ስትጨምር እኔ ቀነስኩ፤ ደረጃው ይመስገን!)

ዛሬ ከምርመራው በኋላ ሰንጋ ተራ ምሳ ጋበዝኳት። ሽሮዋን ጨርሳ ቀና አለችና «እማዬ፣ አሁንስ ልድገም?» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እየራባት ቃሌን አክብራ ነው የተቀመጠችው።

«ድገሚ እንጂ የኔ ልጅ!» አልኳት።

እናንተስ ነፍሰ ጡር ሳላችሁ ማን ምን እንዳትበሉ ከለከላችሁ? የከለከላችሁ አማቶችም ካላችሁ ጻፉ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ!