ሦስት ጣሪያ፣ አንድ ጭስ

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ እናቴ በሕይወት ሳለች ትቆጥርልኝ ከነበረው ተነሥቼ ነው። የካ ሚካኤል ሥር ከደጄ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ ሁለት ወታደሮች መጡና «ተነሺ፣ እንጦጦ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ጎመኑን ለጎረቤቴ ሰጥቼ፣ እጄን ታጥቤ ተነሣሁ። እሮጣለሁ ብለው ሰግተው ይሁን አላውቅም፣ አንደኛው የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ያን ሁሉ ዳገት አልለቀቀኝም።

ያስገቡኝ እንጦጦ ላይ የሚዳኙት የትልቁ ሹም ግቢ ውስጥ ካለ ባዶ የእህል ጎጆ ነው። ግድግዳው በጭቃ አልተመረገም፤ የእንጦጦ ነፋስ በየእንጨቱ መሐል ያፏጫል። እህሉ ካለቀ ዘመን ሆኖታል፤ ሽታው ግን ከወለሉ አልወጣም፤ የገብስ ሽታ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለተራበ ሰው ከብርዱ ይልቅ የከፋው እሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፉ ቀን ያልነው ረሃብ አገሩን ጠርጎ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰው በዶማ እየቆፈረ ይዘራል። ከላይ ግን «ሕዝቡ ተመልሷል፣ በዝቷል» የሚል ወሬ ወረደ። በዚያ ዘመን ቤት የሚቆጠረው በጭሱ ነው። ጭስ የወጣበት ቤት ሁሉ አንድ ወታደር ተቀብሎ ያበላል። ወታደር ደግሞ የምግብ እህልና የዘር እህል አይለይም።

እኛ ዘንድ ሦስት ጎጆ አለ፤ የእኔ፣ የአጎቴ፣ እና ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖርበት። ረሃቡ ሲጠና እሳታችንን አንድ አደረግን። ቀኑ ሲያልፍም ለመለያየት ልባችን እምቢ አለ። የቆጠራው ወሬ ሲደርሰን ለሠፈሩ ሴቶች «እናንተም የተረፋችሁት ተጠጋጉ፤ አንድ ምድጃ ይበቃል» አልኳቸው። የሠፈራችን ጭቃ ሹም ጠዋት ጠዋት ከጉብታ ላይ ቆሞ ጭስ ሲቆጥር ጎደለበትና «ሰው ደብቃለች፣ ሠፈር አሳድማለች» ብሎ ከሰሰኝ።

ከእኔ የሚፈለገው የትኞቹ ቤቶች እንደተጠጉ እንድናገር ነው። ከተናገርኩ በየጣሪያው ወታደር ይገባል፤ ለሰኔ ያስቀመጥነው የገብስ ዘር ያልቃል። ዘሩ ካለቀ ደግሞ ለእኛ ክፉ ቀን ገና አላለፈም ማለት ነው። ስለዚህ አልናገርም። ይህን ወስኜ ነው ዳገቱን የወጣሁት።

ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ በቁራኛ ይቆያሉ፤ የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጋር ይቋጠራል። ሴትን ከወንድ ጋር መቋጠር ነውር ስለሆነ ጭቃ ሹሙ በእሱ ፋንታ ሚስቱን ላከ። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች፤ ግን ቋጠሮው አጭር ነውና ጀርባ ለመስጠትም የእኔን ፈቃድ ትፈልጋለች። ለመጸዳዳት ከግቢው ጥድ ኋላ ለመውጣት እንኳ አንድ ላይ ነው የምንሄደው። በረኛው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ጎበዝ ነበር፣ ባየን ቁጥር ይስቃል።

«ባልና ሚስት እንዲህ ቢጣበቁ አገሩ ቶሎ በሞላ!»

«ሂድ ወዲያ፣ ባለጌ!» አለችው ቁራኛዬ። ያን ጊዜ ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ከንፈሯን ነከሰች።

ከሳቁ በኋላ ዞር አለችልኝ። «አንቺ ግን አታፍሪም? ሰው በኃጢአቱ አለቀ፤ አሁን እግዚአብሔር ታርቆን ሲያበዛን ትደብቂዋለሽ።»

«የታለ የበዛው?» አልኳት። «ሰው ገብስ መሰለሽ፣ በአንድ ክረምት የሚመለስ?»

በረኛው ከደጅ ገባበት። «ኧረ ልጅ በዕድሉ ያድጋል!»

«ዕድሉን በምን በሬ ያርስልሃል?» አልኩት።

ሳቁን ተወ። «እኔ ከአገሬ የወጣሁት ሰው በዝቶ መሬት ስለጠበበ ነው» አለ። «ወንድሞቼ ለአንድ ማሳ ተጣልተው ነበር። አሁን ብመለስ ማሳው እንደ ባሕር ሰፍቷል አሉ። የሚጣላበት የለም።»



ቁራኛዬ በረኛው እንዳይሰማ በኦሮምኛ ሹክ አለችኝ። የእናቴ ቋንቋ ነው። «የአንቺስ የወር አበባ ቀርቶ ነበር?»

«የማን ያልቀረ አለ?» አልኩ። «ሆድ ሲራብ ማህፀንም ደጁን ይዘጋል።»

«የእኔ የተመለሰው ገና ዘንድሮ ነው። ለባሌም አልነገርኩት።»

«እንግዲያ አንቺም ታውቂዋለሽ» አልኳት። «ሰው የሚበዛው ሴት ስትጠግብ ነው። ሴት የምትጠግበው ዘሩ መሬት ሲገባ ነው። ባልሽ ጭሱን ይቆጥራል እንጂ ድስቱን አላየም።»

 በምሳ ሰዓት ከቤቷ የመጣላትን ቆሎ መሐላችን አስቀመጠችው፤ ከአንድ ሳህን በላን።

ከሰዓት በኋላ ሹሙ ፊት ቀረብን። ሽማግሌ ናቸው፤ ካባቸውን ደርበው ከጥዱ ሥር ተቀምጠዋል። ቄሱ በቀኛቸው፣ ጭቃ ሹሙ በግራቸው ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ በእነዚያ ቤቶች ስንት ነፍስ አለ? ተናገሪና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ጌታዬ፣ ሕያው ሰው አልቆጥርም። ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ምን መቅሰፍት እንዳወረደ አባታችን ያውቃሉ።»

ቄሱ ጺማቸውን ያዙ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሹሙ ሲያዩት አቆመ።

«ምላሰኛ ነሽ።»

«ጌታዬ፣ የሞተውን ግን እቆጥርልዎታለሁ። ሙት መቁጠር ነውር የለውም።»

«እስቲ ቁጠሪ» አሉ፤ እንደ ቀልድ ነው ያሉት።

እጄን ዘረጋሁና ጣቶቼን አጥፍ ጀመር። ከምንጩ በላይ ካለው ቤት አባትና እናት። ከሾላው ሥር ካለው ቤት ሦስት ወንድማማቾች። ከአጎቴ ጎጆ ሚስቱና ጨቅላዋ። ከጎረቤታችን ቤት ባሏ። ከእኔ ቤት እናቴ፣ ታናሽ እኅቴ። ስማቸውን እየጠራሁ፣ ድምፄን ሳላነሣ ነው። ጣቶቼ አለቁ፤ ገና የመንደሩን እኩሌታ አላደረስኩም።

እንዴት እንደምቀጥል ሳስብ ቋጠሮው ተሳበ። ቁራኛዬ የራሷን እጅ ከእጄ አጠገብ ዘርግታለች። አውራ ጣቷን አጠፈች።

«የእኔም ልጅ አለ» አለች። «እሱንም ቁጠሪልኝ።»

ጭቃ ሹሙ መሬት መሬት አየ። በሚስቱ ጣቶች ላይ ቆጠራዬን ቀጠልኩ፤ ማንም አላቋረጠኝም።

ስጨርስ ሹሙ ቄሱን አዩ። ከዚያም «በአንድ ምድጃ የሚበላ አንድ ጭስ ነው» አሉ። «እስከ መኸር እንዲህ ይቆይ። ከመኸር ወዲያ እንተያያለን።»

በረኛው ቋጠሮውን ሊቆርጥ ቢላዋ አወጣ።

«ተው» አልኩት። «ነጠላዬን አትቁረጥብኝ። ያሰረው ሰው ይፍታው።»

ያሰረው እሱ ራሱ ነበር። ሹሙን አየት አደረገ። እዚያው ሰው ሁሉ እያየ ተንበረከከና፣ ጠብቆበት በጥርሱም ጭምር እየጎተተ ፈታው። እኔም ነጠላዬን አራግፌ፣ አጣፍቼ፣ ሹሙን እጅ ነስቼ በራሴ እግር ቁልቁል ወረድኩ። በዚያ ሰኔ ዘሩ መሬት ገባ።

አሁን አርጅቻለሁ። ፊደልን ከቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች አጠገብ ጥጥ እየፈተልኩ በጆሮዬና በዓይኔ ለቅሜ፣ ይኸው በእጄ እጽፋለሁ። ሰው ለምን ያንሳል፣ ለምን ይበዛል የሚል ክርክር በማኅበር በተነሣ ቁጥር አንዱ ኃጢአት ይላል፣ አንዱ ዕድል ይላል፣ አንዱ የመሬት ስፋት ይላል። ሁሉንም እሰማለሁ። በሐሳቤ ግን እኔ ያንን የተዘረጋ እጅ ነው የማየው። የጭቃ ሹሙ ሚስት ከዚያ ወዲያ አራት ወለደች፤ የሁለቱ የክርስትና እናት እኔ ነኝ።

አጎቴ ከዚያው ዓመት መኸር በኋላ ጎረቤታችንን አገባ። የሁለቱን ጎጆ አፍርሶ አንድ ሰፊ ቤት ሠራ፤ ጉልቻውን ከወንዝ ራሱ ተሸክሞ አመጣ። በዓመቱ ልጅ ወለዱና እሳታቸውን ከእኔ ለዩ። በማግሥቱ አጎቴ ገና በጠዋት ጭቃ ሹሙ ቤት ሄዶ «የእኔም ጭስ ወጥቷል፤ አሁን የማበላው አለኝ፤ ቁጠረው» አለው።