ቀይ ሆኖ የወጣው ጥቁር ቀሚስ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ብልጭታ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያገኘው በወጣትነቱ፣ የካሜራው ብልጭታ አንዲት ሙሽራ አስደንግጦ ኬኳ ላይ ያስቀመጣት ዕለት ነው ይባላል። እርሱ ግን «ኬኩ ነው ከኋላዋ የመጣው» እያለ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ፎቶ ቤቱ በጫማ ጠጋኙና በፋርማሲው መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት፤ በመስኮቷ ጥርስ ያላወጡ ሕፃናትና ጥርስ የጨረሱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ይስቃሉ። «ሰው ያማል፤ ፎቶ አያማም» የሚለው አባባል የራሱ ነው። ደንበኛ «አወፈርከኝ» ብሎ ሲያኮርፍ ይህችኑ ይመዝዛል።

በካሜራው ሆድ ውስጥ፣ ምስሉን ከሚቀበለው ገጽ ፊት፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መልክ ያላት ቀጭን መስታወት ነበረች። እርጥበት ገብቶ ሻጋታ ያዛት። ጋሽ ብልጭታ በፊልሙ ዘመን ስንቱን ካሜራ ፈትቶ የገጠመ ሰው ነውና፣ «የአቧራ መከላከያ ብትሆን ነው» ብሎ ነቀላት፤ ስትወጣ ተሰነጠቀችና ጣላት። በምትኳ ጥርት ያለ ተራ መስታወት በልኳ ቆርጦ ገጠመ። በፎቶ ቤቱ አምፖል ሥር ሲሞክረው ምስሉ እንደ ድሮው ሆነለት። «እጄ ይባረክ!» አለ ለራሱ። ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ያለው ወጣት አናጢ በድንገት ሞተ። እናቱ «ቤተሰቡ የተሰበሰበበት ማስታወሻ ይኑረኝ» ብላ ስለ ለመነችው፣ ቀብሩ እንዳበቃ ጋሽ ብልጭታ በጠራራ ፀሐይ ሁሉንም አሰልፎ አነሳቸው። በመካከል እናቲቱ፣ ክንዷን ደግፋ ደግሞ ምራቷ፣ የሟቹ ሚስት።

ፊታቸው ቀላ ብሎ ስለ ወጣ በኮምፒውተር አስተካከለው። ከዚያ እጁ ማውሱ ላይ ደርቆ ቀረ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ ምራቲቱ ብቻ የወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች።

«ኧረ ጉድ! ባሏን በቀይ ቀሚስ ቀበረች?» ብሎ ክው አለ። ያን ቀን ምን ለብሳ እንደ ነበር ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። በሌንሱ ሲያይ የሚጠብቀው ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንዳይኖር እንጂ ቀሚስ አይደለምና። ፎቶ አያማም፤ አትሞ ሰጠ።

አማቲቱ ፎቶውን ስታይ ቁጭ አለች። ጎረቤቶች መጥተው አዩ።

«እኔማ ያኔውኑ ቀላ ያለ ነገር ውልብ ብሎብኝ ነበር» አለች አንዷ።

«እኔስ? ይሉኝታ ይዞኝ እንጂ!» አለች ሌላዋ።

አማቲቱ ምራቷን ጠርታ፣ «ልጄን በመቃብሩ አፍ ላይ አዋርደሽዋል። ከእንግዲህ አብረን አንኖርም፤ ወደ ዘመዶችሽ ሂጂ» አለቻት።

ምራቲቱ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ በቀጥታ ፎቶ ቤት ገባች።

«ጋሼ፣ ይኼ ቀሚስ ምን ቀለም ነው?»

«ጥቁር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እንግዲያው ቀብር ላይ የለበስኩት ይኸው ነው። ሌላ የሐዘን ልብስ የለኝም። ካሜራዎ ከቤቴ እያስወጣኝ ነው፣ ጋሼ።»

በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አቁሞ አነሳት። ካሜራውን አየ፤ ቀይ። ቀና ብሎ እርሷን አየ፤ ጥቁር። ደግሞ አነሳ፤ ቀይ። ከኋላዋ የቆመው ዛፍ ቅጠሉ ገርጥቶ የታመመ መስሏል።

ተማሪ ሳለ በዚያ ጥራዙ በተላቀቀው የሳይንስ መጽሐፋቸው፣ ከቀስተ ደመናው ቀይ ወዲያ ዓይን የማያየው ጨረር እንዳለ ተምሮ ነበር። ሙያውን ያስተማሩት አዛውንትም አንድ ጊዜ ለዚሁ ለኢንፍራሬድ ጨረር በተሠራ ፊልም ግቢያቸውን አንስተው፣ ሣሩን በረዶ የወረደበት አስመስለው አሳይተውት ሲስቁ ትዝ አለው። ለካ ዲጂታሉም ካሜራ ያንን ጨረር ያያል! እንዳያይ የምትጋርደው ያቺ ነቅሎ የጣላት መስታወት ነበረች። የፎቶ ቤቱ ኤል ኢ ዲ አምፖል ጨረሩ እምብዛም ስለሌለው አላጋለጠውም፤ ፀሐይ ግን ሞልቷታል። ጥቁር የተነከረ ጨርቅ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ለዓይን ከሰል መስሎ ጨረሩን መልሶ ይረጨዋል።

«እኔ ነኝ» አለ በበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያቀላሁሽ።»

አሮጌ የካሜራ ዕቃ ከሚሸጥ ወዳጁ፣ ሌንስ አፍ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ጨረሩን የሚያግድ ማጣሪያ ተውሶ አማቲቱ ቤት ሄደ። ነገሩን ሊያስረዳ ሲጀምር፣ «የማይታይ ብርሃን? እኔን ነው የምታሞኘው? የላከችህ እርሷ ናት!» ብላ ፊቷን አዞረችበት።

«እትዬ፣ የልጅዎን ጥቁር የሠርግ ኮት ያምጡልኝ።»

ለምን እንደሆነ ሳይገባት አወጣችው። እንደ ቀሚሱ ሁሉ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አንጠልጥሎ አነሳውና ካሜራውን አቀበላት። አፏን በእጇ ያዘች። ኮቱ ወይን ጠጅ ሆኗል።

«ልጄ ቀይ ለብሶ አላገባም!» ጮኸች። «እኔ ነኝ የተኮስኩለት! ይሄው፣ ጥቁር ነው!»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።» ማጣሪያውን ሌንሱ ላይ ጠምዝዞ እንደገና አነሳ። ጥቁር።

ምራቲቱ ሻንጣዋን ይዛ በረንዳ ላይ ቆማለች።

«ያን ቀን ሙሉ ክንድዎን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዕንባዎን የጠረጉት በዚህ ቀሚስ እጅጌ ነው። ዓይንዎ የት ነበር፣ እማዬ?»

«ምን ዓይን ነበረኝ፣ ልጄ» አለች አማቲቱ ኮቱን ደረቷ ላይ አጣብቃ። «ዓይኔን ከእርሱ ጋር አይደል የቀበርኩት።»

ጋሽ ብልጭታ ፈጠን ብሎ፣ «ጥቁርና ነጭ አድርጌ አትመዋለሁ፤ ማንም አያውቅም» አለ።

«አይሆንም» አለች ምራቲቱ። «ቀዩ ፎቶ ሳሎን ይሰቀል። የሚጠይቅ ይጠይቅ፤ መልሱን እማዬ ይመልሱ።»

እንዳለችው ሆነ። እርሷም ቀረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን አይቶ ይደነግጣል፤ «ውይ! ይቺ ቀይ የለበሰች ማን ናት?» ይላል። አማቲቱም ቀና ብላ፣ «ጥቁር ነው» ትላለች። «አጠገቧ ነበርኩ።»