ንብ የማይወጣበት ቀፎ

ሰቆጣ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም። በዘጠናዎቹ መጨረሻ የሚያስተምረው ፕላዝማው ቴሌቪዥን ነው፤ የኔ ሥራ ቁልፉን ይዤ መጥቼ ማብራት፣ መብራት ሲጠፋም ከተማሪዎቼ ጋር ጥቁሩን መስታወት እያየሁ መቀመጥ ነበር። ሰዉ «ፕላዝማ ከፋች» ይለናል፤ አልተሳሳተም። ቅዳሜ ሲሆን ያንን ድካሜን ይዤ በጽጽቃ መንገድ ግማሽ ቀን እጓዝና ወላጆቼ ቤት እገባለሁ። እዚያም የሚጠብቀኝ ሌላ ድካም ነበር።

ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሠርቼ እለወጣለሁ ብላ ከቀበሌው ልጆች ጋር በእግር ወደ ባሕሩ ከወረደች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ከደረሱት አንዷ፣ ጀልባው ላይ ስትወጣ አይቻታለሁ፣ ስትወርድ ግን አላየኋትም ብላ ላከችብን። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። እናቴ ልቅሶ ተቀምጣ፣ ተዝካሯን አውጥታ ማረፍ ፈለገች። አባቴ አሻፈረኝ አሉ። ሬሳ ሳይታይ የምን ልቅሶ ነው፣ ልጄን በቁሟ አልቀብርም አሉ። የንስሐ አባታችን ሁለት ጊዜ መጥተው ለምነው አፍረው ተመለሱ። ጎረቤቱም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ አማቸው። እናቴ የልጇን ስም በቤቱ ማንሳት ፈርታ፣ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ብቻ ትጠራት እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

ነገሩ ሁሉ የዞረው ደግሞ በአንድ ቀፎ ላይ ነው። እህቴ ልትሄድ ሰሞን ከግራር ላይ የሰፈረ የንብ መንጋ አውርዳ በአዲስ ቀፎ አስገብታ ነበር፤ ቀፎው ከቤቱ ጀርባ፣ ከክዳኑ ሥር ተሰቅሏል። በእኛ አገር ንብ የሚያረባ ሰው ማር መኖሩን ለማወቅ ብሎ ቀፎ አይከፍትም። የኋላውን በመዳፉ ትንሽ ያነሣና ክብደቱን ይሰማዋል፣ በቃ። አባቴ በዚህ ተሳስተው አያውቁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ በጉቶው ላይ ይወጡና የእህቴን ቀፎ ያነሣሉ። «ከብዳለች» ይላሉ ሲወርዱ። እኔ ግን ከዚያች ቀዳዳ ንብ ስትወጣም ስትገባም አይቼ አላውቅም። ይህንኑ ስነግራቸው፣ ጥቂት ናቸው፣ አትታዘባቸው ብለው አለፉኝ።

አንድ እሑድ፣ ምን እንዳንቀዠቀዠኝ እንጃ፣ ስለ ጨለማው ቁስ አወራሁላቸው። ከኮሌጅ ይዤው የመጣሁት አንድ ያረጀ መጽሐፍ ላይ ነበር ያነበብኩት። ከዋክብት እልፍ አእላፍ ሆነው በአንድነት ይዞራሉ፤ በዳር ያሉት ፍጥነታቸው ሲታይ፣ የሚይዛቸው የምናየው ነገር ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተፈናጥረው መበተን ነበረባቸው። አልተበተኑም። ስለዚህ የማይበራ፣ የማይታይ፣ ግን የሚከብድ ነገር በመሐላቸው አለ አልኳቸው።

«ከምን የተሠራ ነው?» አሉኝ።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ፕላዝማው ጥያቄ አይጠብቅማ። ደስ አለኝና ዘረገፍኩት። አንዳንዶች በርተው የጠፉ፣ የቀዘቀዙ ከዋክብት ይሆናሉ ብለው ነበር፤ ቢፈልጓቸው በቂ አላገኙም። ሌሎቹ ደግሞ ከአቧራ እጅግ የደቀቀ፣ ድንጋዩንም ሰውንም ሳይነካ ሰንጥቆ የሚያልፍ ነገር ነው ይላሉ፤ እኔም ልቤ ወደዚህኛው ያደላል። ጨርሶ የለም፣ የተሳሳተው ክብደት የምናሰላበት ሕግ ነው የሚሉም አሉ። ይህን የመጨረሻውን አባቴ አልወደዱትም። ምንም የማይነካ ከሆነ እንዴት ያገኙታል ብለው ጠየቁኝ። ከተራራ ሥር ጠልቀው ቆፍረው፣ ምናልባት አንዷ ቅንጣት ብትነካን ብለው መሣሪያ ዘርግተው የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ነገርኳቸው።

«እስካሁን ነካቻቸው?»

«አልነካቻቸውም።»

«ግን ተስፋ አልቆረጡም?»

አልቆረጡም አልኳቸው። አባቴ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። እኔ ሞኙ ጥሩ ያስተማርኩ መሰለኝ።

ወሩ ሳያልቅ ወሬው ቀበሌውን አዳረሰ። የንስሐ አባታችን ለሦስተኛ ጊዜ ቢመጡ፣ አባቴ «የተማረው ልጄ የማይታይ ነገር በክብደቱ ይታወቃል ብሎኛል፤ የልጅቱም ቀፎ ከብዳለች» ብለው መለሷቸው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ኅዳር ላይ፣ ገና ከበር ሳልገባ። አልጮኸችም። ቁጭ ብላ እግሯን እያሻሸች ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሰማዩን ተወውና እኔን እየኝ» አለችኝ። «ወይ አላለቀስኩላት፣ ወይ አልጠበቅኋት። መሐል ላይ ቀረሁ።»

አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ወደ ጓሮ ዞርኩ። አባቴ ከቀፎው ሥር ገመድ ይፈትላሉ።

«አባየ» አልኳቸው፣ «መክበዱ አንድ ነገር እንዳለ ይነግረናል። ምን እንደሆነ አይነግረንም። በሕይወት አለ ማለትም አይደለም።»

መፍተላቸውን አቆሙ። «ይህን ያን ዕለት ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ሲልዎት አየሁ።»

እንዲያ ማለቴ ወዲያው ቆጨኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ መሰላሉን አምጣ አሉኝ። ቀፎ ሊከፈት ነው ብዬ ንቡን የማባርርበት ኩበት ልለኩስ ወደ ምድጃው ስሮጥ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ጭስ አያስፈልግም» አሉ።

ያኔ ገባኝ። ቀፎውን አውርደን የኋላ ክዳኑን ስናነሣ አንዲት ንብ አልነበረችበትም። የፊቱ ቀዳዳ ከውስጥ በኩል በጭቃና በእበት ተመርጓል፤ ጭቃው ደርቆ የሰው ጣት ምልክት ይዟል፣ የአባቴን ጣት። ንቦቹ እህቴ በሄደች በዓመቱ ጥለው ሄደው ነበር። አባቴ ጉንዳንና ሌላ ንብ እንዳይዘርፈው፣ ከውጭም እንዳይታወቅ አድርገው ደፍነውት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሲመዝኑት ኖረዋል። ማሩ እንዳለ አለ። ነጭ ነው፣ እንደ ጨው ድንጋይ ጠጥሯል።

እናቴ ከቤቱ ጥግ መጥታ ቆማ ነበር። አባቴ አንድ እንጎቻ የሚያህል ሰፈፍ በቢላዋ ገመሱና በመዳፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው ሳያይዋት፣

«ለተዝካሩ ጠጅ ይበቃል» አሏት።

እናቴ ከቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና በገዛ ግቢዋ ውስጥ፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እህቴን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በስሟ ጠራቻት።