ነጥብ መዝጋቢው

አየር ጤና ሜዳ ላይ በየእሁዱ የቅርጫት ኳሱን ነጥብ የሚመዘግበው ረጅም ሰው፣ የሰፈሩ ቡድን ሲያሸንፍ እንኳ አያጨበጭብም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቆማል። ዘንድሮ ቡድኑ አንዴም አልተሸነፈም።

«ጋሼ፣ ዋንጫ ልንበላ እኮ ነው! ምነው ለቀስተኛ መሰሉ?» ይሉታል ተጫዋቾቹ።

አምና አሠልጣኛቸው ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመቱን ረሻድን ከአዋቂዎቹ ጋር ለማሰለፍ ብሎ፣ ለቀበሌ በሰጠው የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ አሥራ ስምንት አደረገው። ቀበሌው ያንኑ ዝርዝር አይቶ ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰደው።

ዛሬ የረሻድ እናት ሜዳው ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ልጄን አሥራ ስምንት ነው ብሎ የጻፈው ማነው?»

«የቀበሌው ጸሐፊ ተሳስቶ ይሆናላ» አላት፣ ዓይኗን እየሸሸ።

«እርስዎስ ይወዱት ነበር» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አላህ ዕድሜ ይጨምርልዎት።»